ስምንቱም መብራት በርቶ ኔትወርኩ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው፦ «ገላን ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ግቢው ጠባብና ረጅም ነው። የቴሌ ፋይበር የገባው በሩ አጠገብ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ወርክሾፑና የካሜራው መቅጃ ደግሞ ከኋላ፣ በግምት 140 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። ከመርካቶ አንድ ካርቶን ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ገዝቼ በአጥሩ ጥግ ዘረጋሁት፤ ኮኔክተሩንም ራሴ ክሪምፕ አደረግኩ (በመጭመቂያ ጨምቄ ገጠምኩ)። ቀለሞቹን ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን ደርድሬ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርጌያለሁ። ቴስተሩ ስምንቱንም መብራት በተራ ያበራል። ኔትወርኩ ግን አንዴ 10 ሜጋ ይላል፣ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል፤ ብየዳ ሲጀመር ይብስበታል። ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ከነጎድጓድ በኋላ ደግሞ የሁለቱም ጫፍ ስዊች (ኔትወርኩን ለመሣሪያዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተቃጠለ። አሁን አንዱ ሺልድ (በውስጡ የብረት መከለያ) ያለው ገመድ ግዛ ይለኛል፤ ሌላው የቴሌውን ፋይበር ቀጥለህ ወደ ኋላ ውሰደው ይላል። ፋይበርን መብረቅ አይነካውም የሚባለውስ እውነት ነው? ራሴ መሥራት እችላለሁ?»

መልስ፦ ከቴስተሩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በእሱ ነውና። ያ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቴስተር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። በእያንዳንዱ ሽቦ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይልካል፤ በዚያኛው ጫፍ መድረሱን ያያል። ስምንቱም መብራት በተራ በራ ማለት ስምንቱ ሽቦዎች አልተቆረጡም፣ በሁለቱ ጫፍም ቁጥራቸው ይመሳሰላል ማለት ነው። በሴኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚለዋወጥ ሲግናል በዚያ ሽቦ ላይ ሳይበላሽ ይደርሳል ወይ የሚለውን አይነግርዎትም። ይህን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን የአንድ ወርክሾፕ ማሽን ያህል ስለሆነ ትልልቅ ተቋራጮች ካልሆኑ በስተቀር እጁ ላይ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ በቴስተሩ ብቻ ሳይሆን በአሠራራችንም ነው መተማመን ያለብን።

የእርስዎ መስመር ቢያንስ ሦስት ችግር ተደራርቦበታል። አንዱን ሳያውቁት ራስዎ ነግረውኛል፤ «ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን ደርድሬ» ያሉት እሱ ነው።

«ገመድ» የሚለው ቃላችን ከመግመድ የመጣ ነው፤ የኔትወርክ ገመድም ዋጋው ያለው መገመዱ ላይ ነው። በልጣጩ ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦ አለ። የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ተገምደዋል፤ ሲግናሉም በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይጓዛል። ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ፣ ለምሳሌ የብየዳ ማሽንዎ የሚረጨው፣ ተገምደው አብረው የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች እኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱ ሲወሰድ ረብሻው ይጣፋል። ብልሃቱ የቆየ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለስልክ መስመር በዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1881 እ.ኤ.አ. ነበር።

ኮኔክተሩ ላይ ግን ጥንዶቹ ሁሉ ጎን ለጎን አይቀመጡም። 1ኛና 2ኛው ቦታ አንድ ጥንድ ነው፤ 7ኛና 8ኛውም እንደዚሁ። መሐል ላይ ያሉት 4ኛና 5ኛ ሌላ ጥንድ ናቸው፤ 3ኛው ደግሞ ጥንዱ ያለው እነሱን ዘልሎ 6ኛው ላይ ነው። እርስዎ በተርታ ስለደረደሩ 3ኛው ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ 6ኛው ላይ ሰማያዊ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ጥንድ ሊጠቀምባቸው ይሞክራል፤ እነሱ ግን እርስ በርስ አልተገመዱም፤ እያንዳንዳቸው ከሌላ ሽቦ ጋር ነው የተጋቡት። ረብሻው አይጣፋም፤ እንዲያውም የአንዱ ጥንድ ሲግናል ወደ ሌላው ይገባል። ብየዳው ሲጀመር የሚብሰው ለዚህ ነው። ቴስተሩ ደግሞ 3 ቁጥር በዚያኛው ጫፍ 3 ቁጥር ላይ እስከደረሰ ድረስ መብራቱን ያበራል። «ዋናው ሁለቱ ጫፍ መመሳሰሉ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ስንት ቢሮ ውስጥ ስንት ሰው እንዳደከመ እኔ አውቃለሁ።

ትክክለኛው አሰላለፍ ይህ ነው። የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች፣ የወርቅማ ጥርሶቹን ወደ ላይ፣ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ራስዎ አድርገው ሲይዙ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ይህ ቢ የሚባለው አሰላለፍ ነው። ኤ የሚባለው ብርቱካኑንና አረንጓዴውን ቦታ ያለዋውጣል፤ በጥራት አይበላለጡም። አንዱን ይምረጡና በግቢው ሁሉ እሱን ይጠቀሙ። አንዱን ጫፍ ኤ ሌላውን ቢ ማድረግ ድሮ ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ ለማገናኘት ያስፈልግ ነበር፤ የዛሬ መሣሪያዎች ራሳቸው ስለሚያስተካክሉት ይርሱት።

ሲላጥም ጥንቃቄ አለው። ልጣጩን በቢላ አይክበቡት፤ ከሥሩ ያለውን ሽቦ ይጭረዋል፣ የተጫረው ሽቦ ደግሞ ዛሬ ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ይሰበራል። መላጫው ከሌለዎት በጥቂቱ ብቻ ጫር አድርገው በማጠፍ ይሰንጥቁት። ግምዱን የሚፈቱት ኮኔክተሩ ውስጥ ለሚገባው ርዝመት ብቻ ነው፤ የተፈታው ክፍል ከ13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው ለእጁ እንዲመቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ፈትቶ ይጨብጠዋል፤ ሥራው ያምራል፣ ሲግናሉ ግን እዚያች አምስት ሴንቲ ላይ ይበላሻል። የውጩ ልጣጭ ራሱ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በመያዣው መነከስ አለበት። ሽቦዎቹ ከኮኔክተሩ ጀርባ ተራቁተው የሚታዩ ከሆነ ቆርጠው እንደገና ይሥሩት፤ ሲጎተት የሚይዘው ነገር የለውምና። የካት 6 ሽቦ ከካት 5ኢ ወፈር ስለሚል የራሱን ኮኔክተር ይጠይቃል፤ በግድ ማስገባት ጥርሱን ያጣምመዋል። የእኔ ልማድ ግን ግድግዳ ላይ የሚያልፈውን ጠንካራ ገመድ ጭራሽ ክሪምፕ አለማድረግ ነው። በግድግዳ ሶኬት ላይ ሽቦውን ወደ ጥርሱ በሚያስገባው መምቻ እመታዋለሁ፤ ከሶኬት እስከ መሣሪያው ያለውን በፋብሪካ የተሠራ አጭር ፓች ኮርድ እጠቀማለሁ። ጥቂት ይወደዳል፤ ተመልሶ መምጣትን ግን ያስቀራል።

ሁለተኛው ችግር ርቀቱ ነው፤ ይህን ምንም ዓይነት ጥሩ ክሪምፕ አያድነውም። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከመሣሪያ እስከ መሣሪያ 100 ሜትር ነው የተፈቀደለት፤ 90 ሜትሩ በግድግዳ ወይም በቱቦ ለሚያልፈው፣ 10 ሜትሩ በሁለቱ ጫፍ ላሉት አጫጭር ገመዶች ተብሎ። ካት 6 ስለሆነ ይረዝማል የሚሉ አሉ፤ አይረዝምም። ካት 5ኢም ካት 6ም ለአንድ ጊጋ ቢት እኩል 100 ሜትር ናቸው። በእርግጥ በ120 ሜትር ሲሠራ ያየ ሰው አለ፤ እኔም አይቻለሁ። ጥሩ መዳብ፣ ጥሩ ስዊችና ጸጥ ያለ አካባቢ ከተገጣጠሙ ሊሠራ ይችላል፤ ማንም ግን ዋስትና አይሰጥዎትም፤ የእርስዎ አካባቢ ደግሞ ብየዳ ያለበት ነው። አንዳንድ የካሜራ ስዊቾች ላይ 250 ሜትር ያደርሳል የተባለ ማብሪያ አለ። ውሸት አይደለም፤ ፍጥነቱን ወደ 10 ሜጋ አውርዶ ነው የሚያደርሰው። ለአንድ ካሜራ ይበቃ ይሆናል፤ ለወርክሾፕ ኔትወርክ አይበቃም።

ሦስተኛው ጥርጣሬዬ የገመዱ ማንነት ነው። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ስለተጻፈ መዳብ ነው ማለት አይደለም። ገበያው ውስጥ እምብርቱ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ገመድ ሞልቷል። መዳብ አለመሆኑን ለማወቅ ሽቦውን በቢላ ይፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ካዩ ታሪኩ አለቀ። ክብደቱም ይናገራል፤ አሉሚኒየም የመዳብን ሲሶ እንኳ አይመዝንም፤ 305 ሜትር ያለበት ካርቶን በአንድ እጅ እንደ ገለባ ከተነሳልዎት ይጠርጥሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መለኪያ ነው። የተዘረጋውን መስመር ከሁለቱም ጫፍ ከመሣሪያ ነቅለው፣ በአንዱ ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎችን አጋጥመው ያስሩ፤ በሌላው ጫፍ በመልቲሜትር ኦሙን ይለኩ። ለ140 ሜትር ንጹህ መዳብ ከሆነ ከ19 እስከ 25 ኦም አካባቢ ያሳያል። 30 ደርሶ ካለፈ በእጅዎ ያለው የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ይህ ገመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በገመዱ በኩል ኤሌክትሪክ የሚጎርሱ ካሜራዎች ካሉ ደግሞ ይሞቃል፣ መጨረሻው ላይ የሚደርሰው ቮልትም ያንሳል። ማታ ማታ የካሜራው የጨለማ መብራት ሲበራ ካሜራው ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአጥሩ ጥግ ዘረጋሁት ያሉትም አያስደስተኝም። የቤት ውስጥ ገመድ ልጣጩ ለፀሐይ የተሠራ አይደለም። የገላን የበጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፤ ክረምት ሲመጣ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ በግምዱ መሐል ይጓዛል። ለውጭ የሚሆነው ጥቁር ወፍራም ልጣጭ ያለው ነው።

አሁን ወደ ሐምሌው ማታ። መብረቁ ገመድዎን መምታት አላስፈለገውም። በአካባቢው ሲወድቅ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ በረጅሙ መዳብ ላይ ቮልት ይፈጥራል፣ የመሬቱንም ቮልት ከቦታ ቦታ ያበላልጣል። ቢሮዎ የራሱ ግራውንድ አለው፤ ወርክሾፑም የራሱ። በዚያች ቅጽበት በሁለቱ መሬቶች መካከል ሺዎች ቮልት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የእርስዎ ገመድ ነው። በኔትወርክ መሣሪያ መግቢያ ላይ ያሉት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች 1500 ቮልት እንዲችሉ ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ ከዚያ ሲያልፍ ስዊቹ ይቃጠላል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ላይ መቃጠሉ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ሺልድ ያለው ገመድ ግዛ ያለዎት ሰው በቅንነት ነው፤ ግን እዚህ ቦታ ላይ ምክሩ ጎጂ ነው። ሺልድ የሚሠራው ግራውንድ ሲደረግ ነው። በሁለቱም ሕንፃ ግራውንድ ካደረጉት በሁለት የተለያዩ መሬቶች መካከል ድልድይ ሠሩ ማለት ነው፤ የመሬቱ ልዩነት በሺልዱ ላይ ኤሌክትሪክ ያስኬዳል፣ መብረቅ ሲኖር ደግሞ ጉዳቱን ይጋብዛል። በምንም ካላሰሩት ዋጋ ከፍለው የገዙት አልሙኒየም ፎይል አንቴና ይሆናል። ሺልድ ያለው ገመድ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በብየዳ ማሽኖቹ አጠገብ ማለፍ ግድ ሲሆን፣ ግራውንዱም በአግባቡ ሲታሰር ጥሩ ነው። በሁለት ሕንፃ መካከል አይደለም።

የቴሌውን ፋይበር የመቀጠሉን ሐሳብ ደግሞ ፈጽመው ይተዉት። ያ የመስታወት ክር የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከማዕከሉ የሚመጣው አንድ ክር በመንገድ ላይ በመክፈያ ለብዙ ደንበኞች ይከፈላል፤ ሁሉም መሣሪያ ወደ ማዕከሉ የሚልከው ተራውን ጠብቆ ነው። እዚያ ላይ የማይታወቅ ብርሃን የሚለቅ መሣሪያ ቢሰኩ የሰፈሩን ሁሉ መስመር ሊያውኩ ይችላሉ። ቆርጠው ቢቀጥሉትም በደንብ ካልተቀጠለ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ቴሌ ሲመጣ የተነካካ ገመድ ያገኛል። ግድግዳው ላይ ያለው የቴሌ ሳጥንና እስከ ሳጥኑ ያለው ክር የእነሱ ነው፤ የእርስዎ ግዛት የሚጀምረው ከሳጥኑ የኔትወርክ ሶኬት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ የራስዎን ፋይበር ይዘርጉ።

የምመክርዎትም ይህንኑ ነው፤ በቢሮውና በወርክሾፑ መካከል የራስዎ ሲንግል ሞድ (እምብርቱ በጣም ቀጭን የሆነ) ፋይበር፣ በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን ብርሃን ወደ መዳብ ገመድ ሲግናል፣ ያንንም መልሶ ወደ ብርሃን የሚቀይር ሳጥን) ወይም ፋይበር የሚቀበል ስዊች፣ መዳብ ደግሞ በየሕንፃው ውስጥ ብቻ። ሌሎች መንገዶች የሉም አይደለም። መሐል ላይ ስዊች አስገብቶ መዳቡን ለሁለት መክፈል ርቀቱን ይፈታል፤ መብረቁን ግን አይፈታም፣ መሐል ላይም ከዝናብ የተጠበቀ መብራት ይፈልጋል። ሁለት ትንንሽ የዋይፋይ ድልድዮችን ጣሪያ ላይ ፊት ለፊት መትከልም 140 ሜትርን በቀላሉ ያልፋል፤ ቁፋሮ የለውም፣ ተከራይ ከሆኑ ይዘውት ይሄዳሉ። ድክመቱ ጣሪያ ላይ መሆኑ ነው። ወደ እነሱ የሚወጣው ገመድ ያው መዳብ ነው፤ በመካከል የተጫነ መኪና ወይም የቆርቆሮ ክምር ከቆመም ይዳከማል። ግቢው የራስዎ ከሆነ ፋይበሩ ይሻላል።

ስለ ፋይበር ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ላስተካክል። አንደኛ፣ ኢንተርኔትዎን አያፈጥንም። የከፈሉበት ፓኬጅ ያው ነው፤ ፋይበሩ ያንኑ ሳይቀንስ ወደ ኋላ ያደርሰዋል፣ በግቢው ውስጥ ያለውን የካሜራ ጭነት ግን ያለ ጭንቀት ይሸከማል። ሁለተኛ፣ «መብረቅ አይነካውም» የሚለው ስለ መስታወቱ ከሆነ እውነት ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በሁለቱ ሕንፃ መሬት መካከል ድልድይ አይሆንም። ነገር ግን እዚህ የሚሸጠው ጠፍጣፋ ጥቁር ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ የብረት ሽቦ አለው፤ በአየር ላይ ሲሰቀል ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው። አንዳንዱ ውስጡም ሁለት ቀጫጭን ብረት አለው። በቱቦ የሚቀብሩት ከሆነ ብረት የሌለውን፣ ማጠንከሪያው እንደ ፕላስቲክ ያለውን ይምረጡ። ያገኙት ብረት ያለው ብቻ ከሆነ ብረቱን ከሕንፃው ውጭ ይቁረጡት፤ ከመሣሪያው ሳጥን ጋር አይነካካ። እንዲያም ሆኖ ወርክሾፑ መብራት የሚያገኘው ከዚያው ቆጣሪ ከሆነ መብረቁ በመብራት መስመሩ መምጣቱ አይቀርም። ፋይበር አንዱን በር ነው የሚዘጋልዎት። ለሌላው ጥሩ ግራውንድና ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልት መከላከያ) በሁለቱም ሕንፃ ያስገጥሙ፤ ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፣ የኔትወርክ ሰው አያስነኩት።

ስለ ርቀቱ አያስቡ። የፋይበር ተመራማሪው ቻርልስ ካኦ በ1966 እ.ኤ.አ. መስታወት በደንብ ከጠራ ብርሃንን ለስልክ መስመር ሊያገለግል በሚችል መጠን ያስተላልፋል ሲል፣ ግቡ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል (የብርሃን ብክነት መለኪያ) ያልበለጠ ብክነት ነበር፤ ከመቶው ብርሃን አንዱ ቢደርስ እንኳ ይበቃል እንደማለት ነው። ለዚሁ ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ የሚገዙት ተራ ሲንግል ሞድ ክር በ1310 ናኖ ሜትር ብርሃን ላይ በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል አካባቢ ነው የሚያባክነው። በእርስዎ 140 ሜትር ከመቶው ብርሃን ዘጠና ዘጠኙ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ችግር ቢመጣ የሚመጣው ከክሩ ሳይሆን ከጫፎቹ ነው፤ አንድ የቆሸሸ ኮኔክተር ከኪሎ ሜትሮች ክር የበለጠ ብርሃን ይበላል።

ሲገዙ አራት ነገር ይጠይቁ። ክሩ ሲንግል ሞድ ይሁን፤ እምብርቱ 9 ማይክሮ ሜትር፣ መስታወቱ በሙሉ 125 ማይክሮ ሜትር የሆነው ማለት ነው። እምብርቱ ሰፊ የሆነው መልቲ ሞድ ለአጭር ርቀት ይረክሳል የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል። የክሩ ቁጥር ሁለት ወይም አራት ይሁን፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይጠብቃል። ኮንቨርተሮቹ በአንድ ክር የሚሠሩ ከሆኑ ጥንድ ሆነው ነው የሚሸጡት፤ አንዱ በ1310 ልኮ በ1550 ይቀበላል፣ ሌላው በተቃራኒው። አንዱ ኤ ሌላው ቢ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሆነው ያንብቡ። እኔ ራሴ አንድ መጋዘን ውስጥ ግማሽ ቀን ክሩን ስጠረጥር ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ኤ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። 20 ኪሎ ሜትር የሚሉት ይበቃሉ፤ «ይበልጥ ኃይለኛ» ተብለው 80 ኪሎ ሜትር የሚሄዱትን እንዳይገዙ፤ ብርሃናቸው በ140 ሜትር ሳይደክም ስለሚደርስ ተቀባዩን ሊያበላሽ ይችላል።

አራተኛው የኮኔክተሩ ቀለም ነው። አረንጓዴው ጫፉ በ8 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ የቴሌ ሳጥን ላይ የሚያዩት እሱ ነው። ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው፤ አብዛኛው ሚዲያ ኮንቨርተር የሚፈልገው እሱን ነው። ቅርፃቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ጠቅ ይላል፤ ጫፎቹ ግን አይገናኙም፣ ብርሃኑ በመካከላቸው ባለው አየር ይባክናል፣ ጫፎቹም ይጫራሉ። አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ።

ራሴ መሥራት እችላለሁ ወይ ላሉት፦ መዘርጋቱን አዎ፣ ጫፉን መሥራቱን አይደለም። በእጅ የሚገጠም ፈጣን ኮኔክተር የሚባል አለ፤ የለመደ ሰው በደቂቃዎች ይሠራዋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን በመስታወቱ አቆራረጥ ላይ ነው። ከፀጉር ብዙም የማይወፍረው ክር በልዩ መቁረጫ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ፣ በንጹህ አልኮል ካልተጠረገ፣ ኮኔክተሩ ያው ቆሻሻ ኮኔክተር ነው። በመቀስ የተቆረጠ ፋይበር በቀይ የመፈተሻ ብርሃን ሲሞከር ቀይ ያበራል፣ ደስ ይላል፤ ዳታ ግን በአግባቡ አያሳልፍም። ጥሩውን መቁረጫ ለአንድ ሥራ ብለው አይገዙም። ስለዚህ ወይ ሁለቱ ጫፍ በፋብሪካ የተገጠመለትን 150 ሜትር ገመድ ያስመጡ፣ ወይ የፋይበር መበየጃ ማሽን ያለው ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ይጥሩና ሁለት ጫፍ ያስበይዱ። የተበየደ መጋጠሚያ ብክነቱ 0.05 ዴሲቤል ያህል ነው፤ በእጅ የሚገጠመው ከዚያ ብዙ እጥፍ ያባክናል። ለዚህ ርቀት ሁለቱም ይሠራሉ፤ የተበየደው ግን ዕድሜ አለው። ባለሙያው ሲጨርስ በብርሃን መለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ይጻፍልዎት፤ «በርቷል» ብሎ እንዳይሄድ።

እሱ ሲሠራ ልጆችና ምግብ አካባቢው አይኑሩ። የተቆረጠው የመስታወት ስባሪ አይታይም፤ ጣት ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ፈተና ነው። ስባሪው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጣል እንጂ ወለል ላይ አይጠረግ። የክሩን ጫፍ በዓይን መመልከትም ክልክል ነው፤ ውስጡ ያለው ብርሃን የማይታይ ስለሆነ «አልበራም» ብለው ሲያዩት በርቶ ሊሆን ይችላል። የአቧራ መከላከያ ቆቡን ከመሰካትዎ በፊት ባለው ሴኮንድ ብቻ ያንሱት። የእናንተ ወርክሾፕ ደግሞ የመፍጫ ድንጋይ ብናኝ አለበት፤ ኮንቨርተሩንና ስዊቹን በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ ከመፍጫውና ከብየዳው ራቅ አድርገው ይስቀሉ። ሳጥኑ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ያስገቡ፤ ፋይበሩ ያለ መብራት ብርሃን አይልክም፣ ካሜራ ደግሞ በይበልጥ የሚፈለገው መብራት ሲጠፋ ነው።

የቀረው አፈሩ ነው፤ የገላን ሰው ስለሆኑ ዋልካውን ያውቁታል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ በቀጥታ የተቀበረ ገመድ በየዓመቱ ይጎተታል። በሙጫ የተገጣጠመ ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦም መጋጠሚያው ይከፈታል። ጥቅል ሆኖ የሚሸጠውን ጥቁር የውኃ ቱቦ ይጠቀሙ፤ 32 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮኔክተሩ የተገጠመለት ገመድም ያልፍበታል። 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፍሩ፣ ከሥሩ ጥቂት አሸዋ ያንጥፉ፣ ቱቦውን ሳይወጥሩ ትንሽ አወላግደው ያስተኙ፤ አፈሩ ሲሳብ የሚሰጠው ትርፍ ይኖረዋል። ከመብራት ገመድ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መኪና በሚያልፍበት ቦታ ላዩ ላይ ጡብ ይደርድሩበት። ፋይበሩን ሲጎትቱ ከኮኔክተሩ ሳይሆን ከማጠንከሪያው ያስሩት፤ ቱቦው ውስጥ አንድ የናይሎን ሲባጎ ትርፍ ይተዉ፣ ነገ ሌላ ገመድ ለመጎተት ይጠቅማል። በሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ሜትር ትርፍ በሰፊው ጠቅልለው ይስቀሉ። የቱቦው አፎች ከመሬት ከፍ ብለው ይጨረሱ፣ ይደፈኑም፤ ካልሆነ ክረምት ውኃ፣ በጋ አይጥ ይገባበታል። ግቢዎ ውስጥ ፍልፈል ካለ ቱቦውን ሳያስገቡ ገመዱን ብቻ እንዳይቀብሩት።

አጥሩ ላይ ማሳለፍ ከመረጡ ግን በቱቦ ውስጥ ይሁን፤ በየቱቦው ላይም «ፋይበር ነው፣ መዳብ የለበትም» ብለው ይጻፉበት። ይህን በቀልድ አይውሰዱት። በከተማው ዳር ዳር መዳብ ፍለጋ ገመድ የሚቆርጥ ሌባ አለ፤ መስታወት መሆኑን የሚያውቀው ከቆረጠው በኋላ ነው።

አሁን ያለውን መስመር ለጊዜው ማቆየት ካለብዎት ሁለቱንም ጫፍ በትክክለኛው አሰላለፍ ደግመው ይሥሩት፤ ጥቂት ሊሻሻል ይችላል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን ከሁለቱም ስዊች ይንቀሉት። ቁፋሮውን ለጥቅምት መጨረሻ ይያዙት፤ ዋልካው ያኔ ጭቃም ድንጋይም አይደለም።